ጠርዝ ላይ ሰው አይቆምም

ጡረታ የወጣሁት ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከዓይኔ ጡረታ አልወጣሁም። ይህን በመሸኛዬ ዕለትም ተናግሬዋለሁ። ጋቢ አልብሰውኝ፣ ኬክ አስቆርሰውኝ፣ አንዱ ወጣት በስልኩ እያነሳኝ «እንግዲህ እርስዎም ይረፉ፣ ዘንድሮ ሁሉም ሰው ፎቶ አንሺ ሆኗል» ብሎ አሳሳቀብኝ። «አዎ፣ ሁሉም ሰው አፍ አለው፤ ሁሉም ግን ዘፋኝ አይደለም» አልኩት። ሳቁ ቀጥ አለ። ጋቢውን አጣጥፌ በብብቴ ይዤ ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሌንስ ገዝቻለሁ። ስለዚያ ሌንስ ያልተናገረኝ ሰው የለም። ወንድሜ «በዚህ ዕድሜሽ?» አለኝ። የዕቁብ ጓደኞቼ ፍሪጅ ትገዛለች ብለው ሲጠብቁ የቡና ስኒ የምታክል ጥቁር ነገር ይዤ ስመጣ «ጥሩወርቅ ለየላት» ተባለ። እሺ፣ ይለይልኝ። ግን ነገሩ ከየት እንደጀመረ ሳትሰሙ እንዳትፈርዱ።

የጀመርኩት እዚሁ ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለች ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ያኔ ካሜራ የወንድ ነበር። የስቱዲዮው ባለቤት የቀጠሩኝ ለሪታች ነው፤ ኔጋቲቩን መስታወት ላይ አድርጌ፣ በቀጭን እርሳስ የሰውን ፊት ብጉርና ጠባሳ አጠፋለሁ። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የማላውቀውን ሰው ግንባር ሳለሰልስ እውላለሁ። «የሴት እጅ ለስላሳ ነው፣ እርሳስ ይበቃዋል» ይሉ ነበር ባለቤቱ። እኔ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስሆን እረግማቸው ነበር። ዛሬም ቢሆን ይቅር አላልኳቸውም።

ካሜራ ያስያዘኝ ጋሽ ወርቁ ነው። የስቱዲዮው ዋና ፎቶ አንሺ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ደረቱ ላይ የምትንጠለጠል ባለ ሁለት ዓይን የሳጥን ካሜራ ነበረችው፤ ከላይ ወደ ታች እያዩ የሚያነሱባት። ሌሎቹ ፊታቸውን በካሜራ ሲሸፍኑ እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ደረቱ ያያል፣ ቀና ሲል ተነሺው ፊቱን ያየዋል። «ሰው ብረት ሲያይ ይደርቃል፤ ፊት ሲያይ ይፈታል» ይለኝ ነበር። ሰው ቤት ስንሄድ ካሜራውን ደጅ እኔን አስይዞ ባዶ እጁን ይገባል። ውሃ ይለምናል። ውሃው እስኪመጣ መዳፉን ዘርግቶ ክፍሉን ይዞረዋል። ብርሃን መለኪያው መዳፉ ነበር። የመዳፉ መስመሮች ጥርት ብለው፣ ግን ለስለስ ብለው የሚታዩበት ቦታ ሲደርስ «እዚህ ጋ» ይላል፤ ተነሺውም እዚያው ይቀመጣል። ፍላሽ አይወድም። «ፍላሽ ለሌባ ነው፤ እኛ ተጠርተን ነው የመጣነው» ይላል።

አንድ ጊዜ ቄራ አካባቢ ያሉ የስልጤ ቤተሰብ ሠርግ ነበራቸው። ሙሽራዋን ከሴቶቹ ጋር ሴት ታንሳልን አሉ። ባለቤቱ ራሳቸውን አከኩ። ጋሽ ወርቁ ምንም ሳይል ካሜራውን ከደረቱ አውልቆ አንገቴ ላይ አጠለቀው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማን ያውልቀው!

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር። ባለቤቱ ከውጭ ሰፊ ሌንስ አስመጡ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ገብቶ የሚነሳበት። እኔ ሰንጋ ተራ አንድ ሠርግ ይዤው ሄድኩ። ሙሽራዋን ያሳደገቻት አክስቷ፣ እትዬ በላይነሽ፣ ዓይነ አፋር ሴት ነበረች። ኑ መሃል ግቡ ሲሏት «ግድየለም፣ እዚህ ይበቃኛል» ብላ ዳር ቆመች። እኔም ሁሉም ሰው ስለገባልኝ ደስ ብሎኝ ቀጭ አደረግሁት። ፊልሙ ሲታጠብ መሃል ያሉት አምረዋል፤ የእትዬ በላይነሽ ፊት ግን እንደ ሊጥ ወደ ጎን ተስቧል፣ አንዱ ጉንጯ ከሌላው ሁለት እጥፍ ሆኗል። ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ የሚድን ነገር አልነበረም። ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ እሷም አብራ መጥታ ነበር። ብዙ አየችውና «እኔ እንዲህ ነኝ?» አለች። «ሌንሱ ነው እኮ፣ እርስዎ አይደሉም» ብዬ ብምልላትም አልሰማችኝም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ እትዬ በላይነሽ ካሜራ ፊት አልቆመችም። ስትሞት ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ፎቶ ጠፍቶ የመታወቂያዋን ጉርድ አሳድገው አቁመውታል፤ ከማደጉ የተነሳ ፊቷ ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል፣ ዓይኗ የት እንዳለ እንኳ አይለይም። ያቺ ልጅ ያሳደገች፣ ሠርግ የደገሰች ሴት፣ ለቅሶዋ ላይ ፊት አልነበራትም። እዚያው ድንኳን ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰው ለሞቷ መሰለው። ጋሽ ወርቁ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ሌንሱ የት ላይ እንደሚዋሽ ሳታውቂ ይዘሽው ሄድሽ» አለኝ። «መሃሉ የሰው ነው። ጠርዙ የዕቃ ነው፤ በር ይቁምበት፣ ቁምሳጥን ይቁምበት። ጠርዝ ላይ ሰው አይቆምም።»

ስቱዲዮዋ ስትዘጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጠርኩ። ሪባን ሲቆረጥ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሥልጠና ሲዘጋ እያነሳሁ ስንት አለቃ ሸኘሁ መሰላችሁ! ደመወዙን ተዉት። ከአለቆቼ አንዱ ግን አይረሱኝም፤ የቡድን ፎቶ ስንነሳ ራሳቸው መሃል፣ ምክትሎቻቸው ግራና ቀኝ፣ ጥበቃውና ሻይ አፍይዋ ዳር እንዲሆኑ ይደለድላሉ። እኔ ደግሞ ዳር ያሉትን «ጠጋ በሉ፣ ግቡ ግቡ» እያልኩ ወደ መሃል አስገባቸዋለሁ። አንድ ቀን ፎቶው ሲታተም ሻይ አፍይዋ አለቃው ትከሻ ሥር ብቅ ብላ እየሳቀች ተገኘች። አስጠሩኝ።

«ይቺ ሴትዮ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ትስቃለች።»

«ጥሩወርቅ፣ አትቀልጂ! ዳር ነው የመደብኳት።»

«ሌንሱ ዳር ላይ ሰው ያበላሻል፣ ክቡር ኃላፊ። የተበላሸ ሠራተኛ ከሚታይብዎ ብዬ ነው።»

ለቅጣት መዝገብ ቤት አስገቡኝ። አቧራ ስተነፍስ ከረምኩ። ሌላ አለቃ ሲመጣ ወጣሁ፤ ወጥቼም ያንኑ አደረግሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ጡረታ ወጣሁ። የግቢያችን ሰው ጋሽ ታደሰ ድሮ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ድምፁ እስከ አራት ኪሎ የሚሰማ፣ ሰፈሩን በሳቅ የሚያደነቁር ሰው። ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ የአፉ ጫፍ ወደ ታች ተሳበ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አይነሳም። ስልክ ወደ እሱ ሲዞር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሱ ፊቱን ባዞረ ቁጥር እትዬ በላይነሽ ትዝ ትለኛለች። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለማንም አልነገርኩም።

ልጁ ማህሌት ልታገባ ሆነ። ሰፈራችን ግማሹ ፈርሷል፣ የእኛም ግቢ ከሠርጉ በኋላ ይለቀቃል፤ ለእነ ጋሽ ታደሰ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። ማህሌት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ያደገችበት ክፍል ውስጥ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ መውጣት፣ ያንንም በፎቶ መያዝ። ለሠርጉ የቀጠሩት የቪዲዮ ቡድን መሪ ክፍሉን ሊያይ መጣ። ድሮን ያለው፣ መነጽር ግንባሩ ላይ የሰቀለ ልጅ ነው። ከበሩ ሳያልፍ ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ማዘር፣ ማለቴ፣ ይሄ ሩም አይሆንም» አላት የሺን፣ የጋሽ ታደሰን ሚስት። «መብራት የት ላቁም? በቃ ፋዘርን መስቀል ፍላወር ድግሱ ያለበት ሆቴል እናምጣቸው፤ እዚያ ሰፊ ክፍል አለ።»

ጋሽ ታደሰ ከአልጋው ሆኖ «እኔ የትም አልሄድም» አለ፣ ምላሱ እየተያዘ። «ፎቶም አልነሳም። ልጄን እመርቃለሁ፣ አለቀ።»

መብራቱም ቢቆም ኖሮ አይሆንም ነበር፤ ድንገተኛ ብርሃን ሲያይ ዓይኑ ያነባል፣ ራሱን ያመዋል። ማህሌት ወጥታ ቧንቧው ጋ ቆማ አለቀሰች። ደርሼ «እኔ አነሳዋለሁ» አልኳት።

«እትዬ ጥሩ፣ እሺ አይልሽም እኮ። እሺ ቢልስ ፊቱ ተጣሞ ቢወጣ? አንዴ ካየው ዳግመኛ ቀና አይልም።»

እውነቷን ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር።

የራሴ ካሜራ አለኝ፤ ከሰው የገዛኋት ትንሽ ሚረርለስ፣ ውስጧ መስታወት የሌላት የዘመኑ ዓይነት። አብሯት የመጣው ዙም ግን ለጠራራ ፀሐይ እንጂ ለዚያ ክፍል አይሆንም። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ ግድ ነው፤ ጨለማ ስለሆነ ደግሞ ዓይኑን በርግዶ የሚከፍት፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ መሆን አለበት። ደምበል አካባቢ ፎቅ ላይ ያለች ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ ሰሚራ ትባላለች፤ ፈጣን ልጅ ናት።

«እማዬ፣ ምን ልስጥዎት?»

«እማዬ አትበይኝ፣ ጥሩወርቅ ነኝ።»

«እሺ እትዬ ጥሩወርቅ። ለፊት ከሆነ ሰማንያ አምስት ሚሊሜትሩን ልስጥዎት፤ ሰው ያሳምራል።»

«ከሩቅ ካልቆሙ የማያነሳውን ሰማንያ አምስት ይዤ የት ልቁም? ጎረቤት ቤት?»

«እንግዲያው ዙም ይውሰዱ፣ ሁሉንም ያደርጋል።»

«ሁሉንም አደርጋለሁ የሚል ሰው አግብቼ አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ አምጪልኝ።»

ሳቀች። እኔም ዕቃ ማስቀመጫቸውን እንድትከፍትልኝ ጠየቅኋት። ካርቶን ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረባት ጠባብ ክፍል ናት፤ የእነ ጋሽ ታደሰን ቤት ትመስላለች። ሰሚራን ካርቶን ላይ አስቀምጬ፣ ከጎን ሱቅ የጠራቻትን ጓደኛዋን እግሯ ሥር አንበርክኬ፣ መብራቱን አጠፋሁ። ብርሃን በገርባባው በር ብቻ ይገባል። ጀርባዬን ካርቶኑ ላይ ለጥፌ ማንሳት ጀመርኩ።

የሌንስ ቁጥር ሲያንስ የሚያየው ይሰፋል። አስቤ የሄድኩት ሠላሳ አምስቱን ነበር፤ ፊት አያጣምምም። ግን የሰሚራን ጉልበት ከፎቶው ቆረጠው። ጉልበት የሌለበት ምርቃት ምን ይሆናል? ቀጥላ ከሁሉ ሰፊውን፣ አሥራ ስድስቱን ሰጠችኝ። «ይሄው፣ ሁሉም ገባ» አለች። ሁሉም ገብቷል፤ ጣሪያውም፣ አምፖሉም፣ የኔው ጫማም። የጓደኛዋ አገጭ ግን ወደ ጥግ መሮጥ ጀምሯል። «ጣሪያውን ማን ጠራው?» ብዬ መለስኩላት። ሃያ አራቱን ስገጥም ጉልበቱም ፊቱም ገባ፤ ሰዎቹ መሃል ላይ እስካሉ ድረስ ፊታቸው ፊታቸው ነው።

ሃያ አራቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ቀላል፣ ዓይኑ እስከ ሁለት ነጥብ ስምንት ብቻ የሚከፈት። ሌላው ከባድ፣ እስከ አንድ ነጥብ አራት የሚከፈት፤ እዚህም ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብርሃኑ የሚበዛው።

«ለእጅዎት ቀላሉ ይሻላል» አለች። «የዛሬ ካሜራ እኮ ጨለማ አይፈራም፤ የጎደለውን እሱ ይሞላዋል።»

ለሌላ ሰው ቢሆን ልክ ነበረች። በቀላሉ ሌንስ አንስቼ ፊቷን አሳድጌ አየሁት። አሸዋ። የእትዬ በላይነሽ መታወቂያ ላይ ያየሁት አሸዋ፣ ቀጠን ብሎ ተበትኗል። በከባዱ ሳነሳ ፊቷ ጠራ፣ የዓይኗ ውሃ ሳይቀር ታየ። «ይሄን ጠቅልይልኝ» አልኩ። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

እስኪ አሁን ደግሞ ሳቁብኝ። ዝቅ ብዬ ላነሳ ተንበርክኬ መነሳት አቃተኝ። ሰሚራ ደግፋ አነሳችኝና «ለምን ይንበረከካሉ? ይሄን አያወጡትም?» ብላ ከካሜራዬ ጀርባ ያለውን ስክሪን ሳብ አድርጋ ወደ ላይ አጠፈችው። ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ታች አየሁ። ክፍሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ቀና ስል ሰሚራ ፊቴን እያየች ነው። የጋሽ ወርቁ ሳጥን! ስንት ጊዜ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ስዞር ስክሪኑ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። በቃ፣ አላውቅም ነበር! ጉንጯን ስሜያት ወጣሁ።

የሠርጉ ጠዋት ካሜራውን ደጅ ትቼ ባዶ እጄን ገባሁ። የሺን ውሃ ለመንኳት። መዳፌን ዘርግቼ ክፍሉን ዞርኩት። ጋሽ ታደሰ ከአልጋው ያየኛል።

«አንቺ ጥሩ፣ ምን ትለምኛለሽ?»

«ብርሃን።»

«ካገኘሽ ውሰጂው፤ እኔ ምን አደርግበታለሁ።»

ብርሃኑ ያለው መሃል ላይ ነው፤ አልጋው ግን ጥግ ተወሽቋል። እዚያ ካነሳሁት ጠርዝ ላይ ሊወድቅ ነው። የሙሽራዋን ጓደኞች ጠራሁና በዚያ ሁሉ ቀሚሳቸው አልጋውን እሱ እንደተቀመጠበት ወደ መሃል አስጎተትኳቸው። «ዕድሜ ልኬን ስነዳ ኖሬ ዛሬ እኔው ተነዳሁ!» አለ፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ቁምሳጥኑን ወደ ዳር አስገፋሁት። ጠርዝ የዕቃ ነው።

ይሄኔ የሙሽራው መኪኖች ጡሩንባ ተሰማ። ሴቶቹ እንደ ወጉ በሩን ሊዘጉ ሮጡ። ሌላ ጊዜ ለጨዋታ ነው፤ ሚዜዎቹ ሽቶ ረጭተው፣ ተገፍተው፣ ገፍተው ይገባሉ። «ዛሬ የምራችሁን ዝጉ» አልኳቸው። «እኔ ክፈቱ ሳልል የተከፈተ እንደሆነ ወየውላችሁ!» ዘፈኑ ቀለጠ። በሩ ተደበደበ። የድሮኑ ልጅ ከውጭ «ማዘር ፕሊስ፣ ፕሮግራም አለን!» ይላል። ይበል።

ካሜራውን አስገብቼ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ጋሽ ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አልነሳም ብያለሁ።»

«እሺ። ግን አንዴ እየኝ። ብረት ካየህ ዙር፤ እኔን ካየኸኝ ቆይልኝ።»

ቀስ ብሎ ዞረ። ብዙ አየኝ።

«ፊትሽ ይታየኛል» አለ።

«እንዴት ነው?»

«አርጅተሻል።»

«አንተስ መች ቀረህ!»

በደህናው በኩል ፈገግ አለ። ወዲያው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የታመመውን ጎኔን አታንሺብኝ፣ ጥሩዬ» አለኝ።

«ሁለቱንም ነው የማነሳው» አልኩት። «መሃል ነህ። መሃል ላይ ሌንሱ የሌለህን አይጨምርብህም። አምርሬ ነው የምነግርህ።»

በሩ ይደበደባል፣ ዘፈኑ ይግላል። ከዚያ «ነይ ልጄ» አላት ማህሌትን።

ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። የሺ በግራው ተቀምጣ የማይታዘዘውን እጁን አንስታ የልጇ ራስ ላይ አሳረፈችው፤ ደህናውን እሱ ራሱ ጨመረበት። የሌንሱ ዓይን ሙሉ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ ሦስቱ ፊቶች ከኔ እኩል እንዲርቁ አንዲት እርምጃ ወደ ጎን ሄድኩ። «ውለጂ፣ ክበጂ» አለ፣ ቃሉ እየተጎተተ። «የወጣሽበት በር ቢፈርስም በረከቱ አይፍረስብሽ።» አሜን አልን። ማህሌት ቀና ስትል እሱም ቀና ብሎ በቀጥታ አየኝ፣ በሙሉ ፊቱ። ያኔ አነሳሁት።

«ክፈቱ!» አልኩ።

ሚዜ፣ ሽቶ፣ እልልታ ክፍሉን ሞላው። የድሮኑ ልጅ እየተጋፋ አጠገቤ ደርሶ ስክሪኑን አየ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ደግሞ አየው፤ ይህን እንኳ ልመስክርለት። ከዚያ ጣቱን ዳር ላይ አሳረፈ። «ማዘር፣ ይሄ ፎቶ አንደኛ ነው። ግን እርስዎ ገብተዋል። ፊትዎ ተለጥጧል። እቆርጠዋለሁ።»

አየሁት። ዳር ያስገፋሁት ቁምሳጥን በሩ ላይ መስታወት አለው። እኔ ወደ ደረቴ ሳይ መስታወቱን አላየሁትም። ጠርዙ ላይ አንዲት ሴት አንገቷን ሰብራ፣ ካሜራ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፤ አንዱ ጉንጯ ሁለት እጥፍ ሆኗል፣ አገጯ ወደ ጥግ ሸሽቷል። እንደ ደንቡ ቁረጠው ልል አፌን ከፈትኩ።

«አምጡት፣ አሳዩኝ» አለ ጋሽ ታደሰ።

ካሜራውን ፊቱ ላይ ያዝኩለት። መጀመሪያ ራሱን አየ፣ ብዙ አየ፣ ፊቱን አላዞረም። ከዚያ ደህናው ጣቱ ወደ ዳር ሄደ።

«ይቺ ጠማማ ደግሞ ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ያ የድሮው ሳቁ፣ ሰፈር የሚያደነቁረው፣ ግማሹን በአንድ ጎኑ። «ጎሽ! ብቻዬን አይደለሁማ!» አለ። ወደ ሚስቱ ዞሮ «የሺ፣ ለቅሶዬ ላይ ይሄ ይቁም። እሷን እንዳትቆርጧት» አላት።

«በልጅህ ሠርግ ምን ያስወራሃል!» አለች የሺ፤ እያለቀሰች ነበር።

የድሮኑ ልጅ ጣት እስካሁን ስክሪኑ ላይ ናት። «ሰምተሃል» አልኩት፣ «እጅህን ሰብስብ።»

ጋሽ ወርቁ በሕይወት ቢኖር ይቆጣኝ ነበር፤ ጠርዝ ላይ ሰው አይቆምም ብሏላ። ይቆጣ። እኔ ቆሜያለሁ።